ከእናቷ ጋር ትሁን

ሽማግሌዎቹን ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። እኔንና ባለቤቴን ሊያስታርቁ ከቤተ ክርስቲያን ሦስት ሰዎች ኮሎምቢያ ሃይትስ ያለው አፓርታማችን ድረስ መጥተው ሶፋችን ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እኔም ስለ ግለሰብ ነፃነት ግማሽ ሰዓት አስተማርኳቸው። ትልቁ ሰውዬ በር ላይ ጫማቸውን እያሰሩ፣ «ልጄ፣ ብዙ አንብበሃል፤ እግዜር ይርዳህ» አሉኝ። ምርቃት መስሎኝ ነበር።

ፍርድ ቤትም አስጠላኝ። ስለዚህ ለባለቤቴ የትብብር ፍቺ የሚባለውን አመጣሁላት። እያንዳንዳችን ጠበቃ እንይዛለን፤ አራታችን አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠን እንስማማለን፤ ከሁለታችን አንዱ ፍርድ ቤት ከሄደ ሁለቱም ጠበቆች ይለቃሉ።

«ሥልጣኔ ማለት ይሄ ነው» አልኳት።

«አንተ ካልክ» አለችኝ። ትዳራችን በሙሉ የተጠቀለለው በዚህች ቃል ነው።

የምንሰበሰብበት የጠበቆቹ ቢሮ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ ነው፤ በመስኮቱ ባቡሩ ሲያልፍ ይታያል። በሁለተኛው ስብሰባ የአሥራ አራት ዓመት ልጃችን ጉዳይ ተነሳ። እኔ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሳምንቱን ግማሽ ከእኔ ጋር እንድትሆን። ግን ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት የምታደርሳት እሷ መሆኗን ስትናገር ደሜ ፈላ።

«በቃ፣ ከእናቷ ጋር ትሁን! እኔ ምንም አልፈልግም!»

እኛ ዘንድ ሰው ሲናደድ ሁሉንም ይተዋል። ያኔ ሽማግሌው፣ «ኧረ በእግዚአብሔር! አባቷ አይደለህ እንዴ?» ብሎ ይቆጣና ግማሹን መልሶ ያስይዝሃል። አስቤው አልነበረም፤ ብቻ ተው የሚለኝ ሰው ጠበቅኩ። ጠበቃዬ ስለ ቸርነቴ አመሰገነችኝና ጻፈችው። ባቡር አለፈ።

ፓርኪንግ ውስጥ ባለቤቴ መኪናዋን ሳትከፍት ቆመች።

«ለምን እንደዚያ አልክ?»

«አንቺስ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሽማግሌ መሰልኩህ? ያባረርካቸው አንተ!»

«ልትለምኚኝ ትችይ ነበር።»

«ሃያ ዓመት ለመንኩህ እኮ።»

የስምምነቱ ረቂቅ እስኪፈረም ድረስ ሐሳቤን መለወጥ እንደምችል ጠበቃዬ በኢሜይል አስታወሰችኝ። አንድ መስመር መጻፍ ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ስለ ኩራት ከንቱነት ስንት ገጽ የጻፍኩ ሰው አንድ መስመር አቃተኝ።

ቅዳሜ ልጄን ይዤ ድራይቭ ሳደርግ፣ «ዲድ ዩ ሪሊ ሴይ ዛት?» አለችኝ፤ እውነት እንደዚያ ብለሃል ወይ ማለቷ ነው። ከጠበቆቹ ጋር የምትሠራው የልጆች አማካሪ ነግራት ኖሯል። በአማርኛ ላስረዳት ጀመርኩ፤ ስለ ንዴት፣ ስለ ባህል፣ ሰው ተውኩት ሲል ተው መባል እንዳለበት። ታግሣ ሰማችኝ።

«ሶ፣ የስ» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

ሰኞ፣ ማንም ሳይለምነኝ ፈረምኩ።

አሁን ብቻዬን የምኖረው ኤደን ፕሬሪ ነው። ሶፋ ገዝቻለሁ። ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ትመጣና ጃኬቷን ሳታወልቅ ጫፉ ላይ ትቀመጣለች።