«ይይዛል» ያለችው መምህርት

ቅናት አልጋ የሚያስይዝ በሽታ ቢሆን ኖሮ፣ የኮኪት ጤና ጣቢያ የመጀመሪያውን አልጋ ለመንበረ ይሰጥ ነበር። ይህን የሚሉት ጠላቶቿ እንዳይመስሏችሁ፤ የሚወዷት ጎረቤቶቿ ናቸው። አንድ ጊዜ የጎረቤቷ የማናዬ ኒም ዛፍ ከእሷው ይልቅ ሰፊ ጥላ ጣለ ብላ ወር ሙሉ ሰላምታ ነስታታለች። ማናዬ «ኧረ ዛፉን የተከለው አከራዬ ነው!» ብላ ብትምል ብትገዘት፣ «ውኃ የምታጠጪውስ አንቺ አይደለሽ?» አለቻት።

ሥራዋን ግን ማንም አያማውም። ከደብረ ታቦር ወገን ወደ ኮኪት ቆላ የወረደችው በእናቷ ጀርባ ታዝላ ነው ማለት ይቻላል። እናቷ በሰሊጥ እርሻ ካምፕ ለአራሚና ለአጫጅ ወጥ ትሠራ ነበር። በካምፕ መጫወቻ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ትንሿ መንበረ ወድቆ ካገኘችው ሁሉ መጫወቻ መሥራት ለመደች። አድጋ የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት ስትሆን ያንኑ ልማዷን ይዛ ክፍል ገባች። ክረምት ሲገባ፣ ጥቁሩ የዋልካ ጭቃ ጫማ እየነጠቀ በሚያስቀርበት ሰሞን፣ ልጆቿ በጭቃ ትራክተር ይሠራሉ፤ ጎማው የለስላሳ ቆርኪ ነው። በመስከረም የሰሊጥ አበባ በነጭ ወረቀት ይቆርጣሉ። ጥጥ ሲለቀም በግ፣ ማሽላ ሲታጨድ ከአገዳው ግመልና የጭነት መኪና ይወጣል። ፀሐይዋ በምትከፋበት በሚያዝያ ደግሞ የኒም ፍሬ እየተበሳ በክር ገብቶ ጨሌ ይሆናል። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሆነ። በፕሮግራሙ ላይ «የእጅ ሥራ» ተብሎ የተጻፈው ክፍለ ጊዜ የመንበረ ነበር፤ የእሷ ብቻ።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም እንዲሉ፣ ዘንድሮ ሠላማዊት የምትባል ወጣት መምህርት ከጎንደር ተመድባ መጣች። ኮሌጅ የወጣችው አምና ነው። ሰሊጥን የምታውቀው በዘይት ጠርሙስ ብቻ ነው። ግን ምን ዋጋ አለው፣ ወሬዋ ያምራል! በየሳምንቱ ለክፍሏ ልጆች የአንድ ሠዓሊ ወሬ ይዛ ትመጣለች። በነጥብ ብቻ ዛፍና ሰው ስለሚሥል ሠዓሊ ትነግራቸውና ልጆቹ በእንጨት ጫፍ ነጥብ ሲያነጥቡ ይውላሉ። አልጋ ላይ ተኝቶ በመቀስ ወረቀት እየቆረጠ ሥዕል ስለሚሠራ ሽማግሌ ትነግራቸውና ሁሉም ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋሎ ወረቀት ይቆርጣል። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎች የመላእክትን ዓይን ለምን እንደሚያተልቁ ስትነግራቸው፣ ልጆቹ ቤታቸው ገብተው ለፍየሉም ለዶሮውም ያንን የሚያህል ዓይን ሣሉለት።

መንበረ በመስኮት እያየች እርር ድብን አለች። «ሠዓሊ! ሠዓሊ! እኔ አሥራ አንድ ዓመት ቆርኪ ስለቅም ማን ሠዓሊ ብሎኝ ያውቃል?» ትላለች ለማናዬ። ማናዬም ሳቋን ዋጥ አድርጋ «ቀናሽ እንዴ?» ስትላት፣ «እኔ? በዚች? ኧረ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!» ብላ ትምላለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ሁሉንም በቻለችው ነበር፤ ያልቻለችው ኩብራን ነው። ኩብራ የነጋዴውና የሰሊጥ አምራቹ የኡመይር ልጅ ናት፤ ስድስት ዓመቷ ነው። እንደሷ ያለ እጅ መንበረ አይታ አታውቅም። ከጭቃ የሠራችው ትራክተር መሪ ነበረው፤ መሪውም ይዞራል። መንበረ ልጅ አልወለደችም፤ ኩብራ ጧት ጧት እየሮጠች መጥታ ቀሚሷ ውስጥ ስትሸጎጥ፣ የወለደች ያህል ነበር የሚሰማት። አሁን ኩብራ ጧት የምትሮጠው ወደ ሠላማዊት ሆነ። መንበረን ስታያት በሩቁ ትስቅና ትሸሻለች። የሆነ ነገር ትደብቃታለች። ይህን መጀመሪያ ባየችበት ቀን መንበረ ምሳ አልበላችም።

በዚህ ላይ ርእሰ መምህሩ አቶ ሙሉአለም ሁለቱንም ጠርተው፣ ክፍለ ጊዜው አንድ በመሆኑ አንዷ ብቻ እንደምትይዘው ነገሯቸው። እስከ ኅዳሩ የወላጆች ቀን ድረስ ልጆቹን ተካፍለው ያሠራሉ፤ ሥራው የተወደደላት መምህርት ክፍለ ጊዜውን ትወስዳለች። መንበረ ይህን እያሰበች ከቢሮው ወጣች። ያ ክፍለ ጊዜ ከተወሰደ ምን ይቀራታል? አፍንጫ መጥረግና ፊደል ማስቆጠር።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ሠላማዊት ኩብራን በእጇ ይዛ መንበረ ክፍል መጣች። በሌላ እጇ አንድ አረንጓዴ የሰሊጥ ዘለላ ይዛለች። «እትዬ መንበረ፣ እርስዎን ሳልጠይቅ ይሄን እንዳልለጥፍ ብዬ ነው» አለች። «አንድ ትልቅ ሥዕል እየሠራን ነው። ይሄ የሰሊጥ እሸት ቀለም ተቀብቶ፣ በዱቄት ሙጫ ጣውላ ላይ ቢለጠፍ እስከ ወላጆች ቀን ይይዛል? ልጆቹ ይረግፋል ይሉኛል።»

ኧረ ምን ይይዛል! የቆላ ሰው ይህን ለመጠየቅ ያፍራል። የልጅ ጣት የሚያህለው የሰሊጥ እሸት ሲደርቅ አፉን ይከፍታል፤ ፍሬውንም ያፈስሳል። ገበሬው ገና ሳይደርቅ አጭዶ፣ አስሮ፣ አፉን ወደ ሰማይ አድርጎ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ደርቆ ሲከፈት ዘቅዝቀው ሸራ ላይ ሲያራግፉት እንደ ዝናብ ይወርዳል። በኮኪት ሙቀት ጣውላ ላይ የተለጠፈ እሸት ሁለት ሳምንት ቢቆይ፣ ተጣሞ፣ ሙጫውን ለቆ፣ ከነፍሬው ይራገፋል።

መንበረ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አሰበችው። ኩብራ ዓይኗን ሳትነቅል ታያታለች። ያቺ ትንሽ እጅ ግን ሠላማዊት መዳፍ ውስጥ ናት። መንበረ ያችን እጅ አየች።

«ይይዛል» አለች። «ሙጫውን ብቻ ወፈር አድርጊው።»

ከዚያ ወዲያ ያለውን ሁለት ሳምንት እንዴት እንዳሳለፈችው አትጠይቁ። ሌሊት «ልንገራት» ትላለች፤ ጧት ኩብራ ሠላማዊትን ስታቅፍ ታይና «ይበላት!» ትላለች። ሥዕሉ እዚያው ሠላማዊት ክፍል ጥግ፣ በሰሊጥ ሸራ እንደተሸፈነ ቆሟል። ልጆቹ ማንንም አያስጠጉም፤ መንበረ ስታልፍማ እጃቸውን ዘርግተው በሩን ይዘጋሉ። «እንደዚህ ነው ያስተማረቻቸው!» አለች በልቧ።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ግቢው ጀላቢያ በለበሱ አባቶች፣ በነጠላና በሻሽ ተሞላ። የመንበረ ልጆች ከአገዳ የሠሯቸው ግመሎች በሰልፍ ተደረደሩ፤ ሰው ወደደላት። ከዚያ ሠላማዊት እንደተሸፈነ ግቢ ወደ ወጣው ሥዕል ሄደች። ፊቷ በደስታ በርቷል። ኩብራ የሸራውን ጫፍ ይዛ ሳበች።

ጠጠር በቆርቆሮ ላይ እንደሚፈስ ሿ! አለ። ፍሬው ከጣውላው እየተንሸራተተ መሬት ላይ ወረደ፤ እሸቱም ተከትሎት ተራገፈ። ኡመይር «ኸላስ፣ በቃ! አውድማችንን እዚህ አመጣችሁት!» ብሎ ጮኸ፤ ግቢው በሳቅ ፈረሰ። መንበረም ልትስቅ አፏን ከፈተች።

ከዚያ ጣውላውን አየች።

አንዲት ሴት ናት የተሣለችው። ቀሚሷ ከነጭ የወረቀት አበባ ተሠርቷል። አንገቷ ላይ የኒም ፍሬ ጨሌ አለ። እጆቿ ከጥቁር ዋልካ የተሠሩ ናቸው፤ የቆርኪ ጎማ ያለው ትራክተር ይዘዋል። ፊቷ ብቻ የለም። በሰሊጥ እሸት የተሠራው ፊቷ የነበረበት ቦታ ላይ የደረቀ ሙጫ ብቻ ቀርቷል። ከታች በልጅ እጅ፣ ወደ ላይ ወደ ታች በሚሄድ ፊደል፣ «ሠዓሊያችን እትዬ መንበረ» ይላል።

አቶ ሙሉአለም አፍረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ... ልምድ ልምድ ነው። ወጣቷ ገና ናት፤ ትማራለች። ክፍለ ጊዜው ለመምህርት መንበረ ይሁን» አሉ። አንዳንዱም አጨበጨበ።

ሠላማዊት «እሳቸው ናቸው ይይዛል ያሉኝ» ማለት ትችል ነበር፤ አላለችም። ጎንበስ ብላ የረገፈውን መሰብሰብ ያዘች፤ እንባዋ አፍንጫዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሏል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለመንበረ ነው፤ ግን እሷ የቆጡንም አውርዳዋለች፣ ይኸው ክፍለ ጊዜው እጇ ገብቷል። ምን ታድርገው?

«ይይዛል ያልኋት እኔ ነኝ» አለች መንበረ። «እንደሚረግፍ አውቅ ነበር። ቀንቼባት ነው።»

ጭብጨባው ተቋረጠ። ሠላማዊት ቀና ብላ አየቻትና መልሳ አቀረቀረች። አቶ ሙሉአለም ወደ መሬት አዩ። ኡመይር ልጁን ጠራት፤ ኩብራ ግን አልሄደችም። የረገፈውን ሰሊጥ በሻሿ ጫፍ እየሰበሰበች መንበረ እግር ሥር ደረሰች።

«እኔም አውቅ ነበር እኮ» አለች። «አባዬ ሰሊጥ ሲያራግፍ ዓይቻለሁ። ልጆቹ ሁሉ ይረግፋል አሉ። እኔ ነኝ፣ እትዬ ይይዛል ካሉ ይይዛል ያልኋቸው።»