የግራ እጅ ካልሲ

በድሬዳዋ ሙቀት ለእግሩም ቢሆን ካልሲ የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው። እኔ ለልጄ እጅ አድርጌያለሁ። ለትምህርት ቤት ከገዛንላት ካልሲዎች አንዱን፣ ነጩንና ጫፉ ላይ ሮዝ መስመር ያለውን፣ ግራ እጇ ላይ አጥልቄ አንጓዋ ጋ በላስቲክ አሰርኩት። ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር። ይህን ያደረግሁት ክፉ ስለሆንኩ አይደለም ብዬ ለመጻፍ ነበር የተቀመጥኩት፤ ስጽፈው ግን ራሴንም ብዙ አላሳመነኝም።

ልጄ ግራኝ ናት። እርሳስም፣ ማንኪያም፣ የመጫወቻ ጠጠርም የምታነሳው በግራዋ ነው። መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር የምናየው። የምንኖረው ሳቢያን ሰፈር ነው፤ ከበራችን ፊት ለፊት ሱቅ ያላት ሶማሌ ጎረቤታችንን ልጄ «ኤዶ» እያለች ትጠራታለች፤ በሶማሊኛ አክስቴ ማለቷ ነው። ኤዶ ሳምቡሳ በሰጠቻት ቁጥር ግራ እጅ ሲዘረጋ ካየች ሳምቡሳውን ወደ ኋላ ትሰበስብና «ሚዲግ!» ትላታለች። ልጄ እጅ ትቀይራለች። ጠዋት ጠዋት ወተት የምታመጣልን የኦሮሞ ሴት ደግሞ «ሚርጋ፣ ሚርጋ» ትላታለች። እናቷና እኔ «በቀኝሽ» እንላለን። ልጄ ቀኝ የሚለውን ቃል በሦስት ቋንቋ ያወቀችው ፊደል ሳትቆጥር ነው። በዚህ ከተማ ሰው የማይከራከርበት ነገር የለም፤ በዚህ ጉዳይ ግን ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ነው።

ቀልዱ ያበቃው ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ እሑድ ቅዳሴ ላይ ሰዉ ሲያማትብ ልጄም አማተበች፤ በግራዋ። ከጎናችን የቆሙ አንዲት እናት እጇን ቀጨም አድርገው አወረዱትና እኔን አዩኝ። እሷን አይደለም፣ እኔን። ፊቴ ጋለ። በዚያው ሰሞን እዚያው ቤተ ክርስቲያን ለወላጆች በተሰጠ ትምህርት ላይ መምህሩ «ልጆቻችሁን ቅረጹ» እያሉ ደጋግመው ነበር። እኔ ደግሞ የቶርኖ ባለሙያ ነኝ። ብረት በማሽን አሽከረክርና በስለት እየላግኩ ዘንግ አወጣለሁ፣ ብሎን አወጣለሁ። መቅረጽ ምን እንደሆነ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የማያስፈልገውን መቀነስ ነው። ቤቴ ገብቼ የማያስፈልገውን ፈለግሁ። ግራ እጇን አገኘሁ።

«በዚህ ሙቀት?» አለች ባለቤቴ ካልሲውን ስታየው። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ስፌት ላይ ነው የምትሠራው፤ ከፈረቃዋ ገና መግባቷ ነበር።

«ለሁለት ሳምንት ነው።»

«እጇ ምን አጠፋ?»

«ስርዓት ትማር ብዬ ነው። እኔንም አባቴ እንዲህ ነው ያሳደገኝ።»

«እንዴት አድርጎ እንዳሳደገህማ ይኸው እያየሁ ነው» አለችና ጫማዋን ሳታወልቅ ወደ ጓዳ ገባች።

ሁለቱ ሳምንት ሁለት ወር ሆነ። መጀመሪያ የቀረው ሥዕል ነው። ልጄ ያገኘችው ነገር ላይ ሁሉ የምትስል ልጅ ነበረች፤ በደረሰኝ ጀርባ፣ በግድግዳ፣ የሥራ መለኪያዬን በምጽፍበት ደብተር ላይ ሳይቀር። አንድ ቀን ሰባት ጎማ ያለው ባጃጅ ስላ አሳየችኝ። ለምን ሰባት እንደሆነ ስጠይቃት «እንዳይገለበጥ ነዋ» አለችኝ፣ እኔ የማሽን ሰው ሆኜ ይህን አለማወቄ እየገረማት። ካልሲው ከመጣ በኋላ በቀኟ አንድ ሁለቴ ሞከረች፤ መስመሩ ሲወላገድባት ወረቀቱን አጣጥፋ አልጋዋ ስር ከተተችው። ከዚያ ወዲያ አልሳለችም።

ቀጥሎ ቃል ይይዛት ጀመር። «አ... አ... አባዬ» ትላለች፤ እኔ ችኩል ነኝ፣ ሳታበቃ «ውሃ? ውሃ ነው?» እላታለሁ። የምትለውን ሁሉ እኔ እየጨረስኩላት ስመጣ እሷ መጀመሩን ተወችው። መምህርቷ ጠርታኝ ልጅቷ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀች በጣቷ እንደምትጠቁም፣ አፏን እንደማትከፍት ነገረችኝ። ካልሲው ነው ያመጣባት ብዬ የምምል ሐኪም አይደለሁም። ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ወሬ የሞላበት ቤቴ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እኔም ፈርቼ ነበር። ልጄ አጠገቤ ተቀምጣ እየራቀችኝ ነው። እንዲያም ሆኖ ካልሲውን አላወለቅሁም። የጀመርኩትን ማቆም ሽንፈት የሚመስለኝ ሰው ነኝ፤ እልሄን ደግሞ ሃይማኖት ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቬንትሌተራችንን ላጸዳ ፈታታሁት። የድሬ ነፋስ አቧራውን ይዞ ይመጣል፣ ቬንትሌተሩ ይውጠዋል፣ በሁለት ወሩ ይታነቃል። ልጄ ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ ካልሲ ያጠለቀ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ታየኛለች። የፊቱን ሽቦ አንስቼ ክንፎቹን የምትይዘውን ክብ የፕላስቲክ ማሰሪያ ልፈታ ወደ ቀኝ ሳዞራት፣

«አባዬ፣ እሱ... ማ... ማጥበቅ ነው» አለችኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ያልሰማሁትን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ። ወደ ቀኝ ማጥበቅ፣ ወደ ግራ መፍታት እንደሆነ ቶርኖ ቤት ስትመጣ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። አለመርሳቷ ደስ ስላለኝ መምህር ሆኜ ቁጭ አልኩ።

«ጎበዝ! ሌላው ሁሉ እንደዚያ ነው። ይሄኛው ግን ግራ ጥርስ ነው፤ የሚፈታው ወደ ቀኝ ነው።»

«ተ... ተበላሽቶ ነው?»

«አይደለም፣ ሆን ተብሎ ነው። ክንፉ በጣም ይሽከረከራል አይደል? ማሰሪያው እንደ ሌላው ብሎን ቢሆን እየዞረ በራሱ ይፈታና ክንፉ ወልቆ ይወድቅ ነበር። ግራ ስለሆነ ነው የሚይዘው።»

ትንሽ አሰበች። «በ... በግድ እንደ ሌላው ብናዞረውስ?»

«ይሰበራል። እንደዚያ የሚያደርገው የማያውቅ ሰው ነው፤ የሠራው ለምን እንደዚህ አድርጎ እንደሠራው ሳይጠይቅ ዝም ብሎ...»

እዚህ ላይ ቃል ያዘኝ። እኔን ነው ቃል የያዘኝ። ልጄ ምንም ለማለት ፈልጋ አልነበረም፤ ስለ ቬንትሌተር ነበር የጠየቀችኝ፣ ዓይኗም እጄ ላይ ካለችው ማሰሪያ አልተነሳም። ማሰሪያዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የእጇን ላስቲክ ፈታሁ። ካልሲውን ስስበው እጇ በላብ ርሶ፣ ጣቶቿ ልብስ ሲያጥቡ እንደዋሉ ተጨማደው ወጡ። አንጓዋ ላይ ላስቲኩ ቀይ ቀለበት ሠርቷል። ቬንትሌተሩን አጽድቼ፣ ገጣጥሜ ስከፍተው መጥታ እጇን ነፋሱ ፊት ዘርግታ ቆመች።

በማግስቱ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴን ግቢው ዛፍ ስር አገኘኋቸውና ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ካልሲውን፣ ሁለቱን ወር፣ ማማተቡን፣ መቅረጽ የሚለውን ቃል እንዴት እንደተረጎምኩት። አላቋረጡኝም። ስጨርስ ነው የጠየቁኝ።

«በሰማንያ ቀኗ ያጠመቅኋት እኔ ነኝ። ሜሮን ስቀባት ቀኝ እጇን ቀብቼ ግራውን የዘለልኩት ይመስልሃል?»

«አይ፣ አባ።»

«ሁለቱንም ነው የቀባሁት። አንተ አንደኛውን ካልሲ ውስጥ ከተትከው።»

አንገቴን ደፋሁ።

«ልጄ፣ አንተ ብረቱ ሲመጣልህ ገና ምንም አይደለም፤ ምን እንደሚሆን የምትወስነው አንተ ነህ» አሉኝ። «እሷ ግን ወደ አንተ ስትመጣ ሰው ሆና ነው የመጣችው። አእምሮዋን አንተ አልሰጠሃትም፤ ፈቃዷንም አንተ አልሰጠሃትም። ያንተ አደራ መጠበቅና ማስተማር ነው። ልታስተምራት መጀመሪያ ምን ተሰጥቷት እንደመጣች ማየት አለብህ።»

«ታዲያ ዝም ብዬ ልያት ነው?» አልኩ፤ ጠባዬ እዚያም አልለቀቀኝም።

«ማን ዝም በላት አለህ? ማማተቡን በቀኟ ታድርግ፣ ስርዓታችን ነው፤ ስትረሳ ቀስ ብለህ አስታውሳት። እርሳሱን ግን ተውላት።»

ቀኖናዬን ጠበቅሁ። ስንት ስግደት እንደሚሰጡኝ በልቤ እየገመትኩ ነበር፤ ጉልበቴን ቀድሜ አዘጋጅቼው ነበር ማለት ይቻላል። እሳቸው ግን «የበደልከው እሷን ነው፤ ሂድና እሷን ይቅርታ ጠይቅ» አሉኝ።

«አባ፣ የስድስት ዓመት ልጅ ናት እኮ!»

«ስድስት ዓመት ሙሉ ሰው ሆና ኖራለች» አሉና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ወደ ቤት የወሰደኝን ባጃጅ መንገድ ዳር ተምር ሻጭ ሳይ አስቆምኩት። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ በሕይወቱ ይቅርታ ጠይቆኝ አያውቅም። የገረፈኝ ቀን ማታ ተምር በወረቀት ጠቅልሎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ያስቀምጥልኝና ወጥቶ ይሄዳል። ተምሩ ይቅርታ እንደሆነ አውቅ ነበር፤ ግን ቃሉን ብሰማው ደስ ይለኝ ነበር፣ አሁንም ቢሆን። ከተምር ሻጩ ፊት ትንሽ ቆሜ ሳልገዛ ተመልሼ ባጃጁ ውስጥ ገባሁ።

ልጄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ በግራ እጇ እርሳስ ይዛለች። ፊቷ ተንበረከክሁ። እናቷ የጓዳው በር ላይ ቆመች።

«ይቅር በይኝ» አልኳት። «እጅሽን ማሰር አልነበረብኝም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ፤ እጅሽ ምንም አላጠፋም።»

ወደ እናቷ ቀና ብላ አየች። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም ምን እንደሚደረግ የምታውቀው ከአንድ ቦታ ብቻ ነበር። ተነስታ ቆመች፣ የንስሐ አባታችን እንደሚያደርጉት ፊቷን ኮስተር አድርጋ ግራ እጇን ራሴ ላይ ጫነች።

«እ... እ...»

ምን ልትል እንደሆነ አውቄያለሁ። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ነክሼ ያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም።

«...እግዚአብሔር ይፍታህ።»

አለቀስኩ፤ አልደብቅም። ልቅሶዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ ልጄ እጇን ሳታነሳ «ግን ቀኖና አለብህ» አለችኝና ሄዳ ካልሲውን ይዛ መጣች።

አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በግራዋ ትጽፋለች፣ በቀኟ ታማትባለች፣ ስትቸኩል ዛሬም ቃል ይይዛታል፤ እኛም እንጠብቃታለን። የባጃጆቿ ጎማ ወደ አምስት ወርዷል። እኔ ግን ስለ ልጅ አስተዳደግ ሰው ሲጠይቀኝ የሚታወሰኝ የዚያ እሑድ ምሳ ነው።

የስድስት ዓመት ልጅ ካልሲ የቶርኖ ሠራተኛ ቀኝ እጅ ላይ አራት ጣት ያህል ገባ፤ አውራ ጣቴ ውጭ ቀረ። ላስቲኩን ራሷ አሰረችው፣ ጠበቅ አድርጋ። በግራ እጄ እንጀራ ልቆርስ ስታገል ወጡ ሸሚዜ ላይ፣ ጉርሻው ጉልበቴ ላይ ወደቀ። ልጄ ሳቀች። ያን ሳቅ ሁለት ወር ሙሉ አልሰማሁትም ነበር። ይህን ጊዜ ኤዶ እንደ እሑድ ልማዷ የምስር ሳምቡሳ በሳህን ይዛ ገባች፤ በሩ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች።

«ወላሂ! አቦ አንተ፣ ምን ነካህ? ሚዲግ!»

ላስረዳት አፌን ስከፍት ልጄ ግራ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

«ኤዶ፣ ተይው» አለቻት። «ቀ... ቀ...»

እናቷም፣ ኤዶም ሳህኗን እንደያዘች፣ እኔም እንጀራው ከእጄ እየተንጠለጠለ ጠበቅናት።

«ቀኖና ላይ ነው።»