ፋናዬ ልጆቿን የቆጠረች ቀን

ፋናዬ ጎረቤቴ ናት። ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ገበያ አጠገብ ባለ መጋዘን ሰሊጥ እያበጠረች ነው ልጆቿን ያሳደገችው።

አምና ስደተኞችን ወደ ሌላ አገር የሚልኩ ሰዎች ጠሯት። «ስንት ልጆች አሉሽ?» ሲሏት «እግዜር የሰጠኝ አሉ» ብላ መለሰች። በእኛ ዘንድ እናት ልጆቿን በቁጥር አትጠራም፤ የተቆጠረ ይጎድላል ይባላል። አስተርጓሚው ይህን ወግ አያውቅም። አጠገቧ የቆሙትን አይቶ «ሦስት» ብሎ አስጻፈ። የበኩር ልጇ ጋረደው ያን ሰሞን ቁረይሻ የሚባል ገጠር ሰሊጥ ሊያርም ሄዶ ነበር። ወረቀቱ ሲመጣ ስሙ የለበትም።

የሚታረመው በሁለተኛው ጥያቄ ቀን ነው አሏት። ያን ቀን በራሷ አፍ ልትናገር ቆርጣ እንግሊዝኛ ጀመረች። እኔም አብሬያት ገባሁ። ፊደል የቆጠርኩት ስድሳ ካለፈኝ በኋላ ነው፤ እስካሁን አልጠገብኩትም።

የምታስተምረን ሶሊያና እዚሁ የተወለደች ልጅ ናት፤ ዐረብኛው ይቀድማታል። ለሚቆጠር «ሜኒ»፣ ለሚሰፈር «ማች» በሉ አለችን። በዚህ ፋናዬን የሚቀድማት አልነበረም። ጆንያ ሲባል «ሜኒ»፣ ሰሊጥ ሲባል «ማች»፤ ሥራዋ ነው።

አንድ ቀን ሶሊያና ስንት ልጆች እንዳሏት በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት።

«ሰም» አለች ፋናዬ። አንዳንድ፣ ጥቂት እንደ ማለት ነው።

«ላ፣ ላ፣ እትዬ። ቁጥሩን ንገሪኝ።»

«ሰም።»

ከኋላ የተቀመጠው ጫኙ አንዳርጋቸው፣ «እንግዲያ ቆርቆሮ አምጡላትና ትስፈርልን» አለ። ክፍሉ ሳቀ። ፋናዬ ደብተሯን አጥፋ ወጣች።

ተከትያት ሄድኩ። የኒም ዛፍ ሥር ቆማለች።

«እማማ፣ ቃሉ ጠፍቶኝ አይደለም» አለችኝ። «ከጠራሁት በኋላ አንዱ ቢጎድልብኝስ?»

«አንዱማ ወረቀቱ ላይ ጎድሏል» አልኳት። ወዲያው ተጸጸትኩ።

የጥያቄው ቀን ከጎኗ እንድቀመጥ ፈቀዱልኝ። ጠያቂዋ ፈረንጅ ያንኑ ጥያቄ አነሳች። አስተርጓሚው አፉን ሊከፍት ሲል ፋናዬ በእጇ አስቆመችው።

«ፎር» አለች። ከትንሹ ጀምራ ስማቸውን ጠራች። ጋረደው ላይ ስትደርስ ድምጿ ቀጠነ።

ሴትዮዋ ጽፋ ወረቀቱን ወደ እኛ አዞረችው። በዘገየው ፊደሌ ፈለግሁና የጋረደውን ስም መነሻ አገኘሁ። በጣቴ አሳየኋት። ራሷን ነቀነቀች እንጂ ደስ ያላት አትመስልም ነበር።

ከዚያ ሰዓት ጀምራ፣ ዘንድሮም ቁረይሻ ለአረም ለሄደው ለጋረደው ስልክ ትመታ ጀመር። በክረምት የቁረይሻ መስመር በቀላሉ አይገኝም። ሁለት ቀን እህል በአፏ አልዞረም። በሦስተኛው ቀን ምሳ ይዤላት መጋዘን ስገባ፣ የሰሊጡ ክምር አጠገብ ተቀምጣ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አድርጋለች።

«ጋረደው?»

«አቤት እናቴ። ምነው፣ ደኅና አይደለሽም?»

«አለህ?»

«አለሁ እንጂ። ጭቃው ነው ያስቸገረን። ምን ሆነሻል?»

«ምንም» አለች። «ምንም አልሆንኩም። በል እንዳትራብብኝ፣ ብላ።»

ስልኩን ዘግታ ሰፌዷን አነሳች። ሁለት ጊዜ አበጠረችና አስቀመጠችው። ያመጣሁላትን ምሳ ፈታሁላት፤ መጀመሪያ አንድ ጉርሻ፣ ከዚያ ሌላ በላች።