ድርጭቷ ያለችበት ማሳ

በእኛ አካባቢ «ለወፍ ብላ ደቦ ያስቆመች» ሲባል ከሰማችሁ፣ እኔ ነኝ። ሲጠሩኝ እየተሳለቁብኝ እንደሆነ አላጣሁትም፤ ግን ስሙን ጠልቼው አላውቅም። ከመካነ ሰላም ገበያ ስመለስ አንዱ ከኋላዬ ጮክ ብሎ ሲለው፣ ዞር ብዬ «አቤት፣ ምን ፈለግህ?» እለዋለሁ። ያኔ የሚያፍረው እሱ ነው።

ነገሩ የሆነው ከአረብ አገር ተመልሼ ማረስ በጀመርኩበት ዓመት ነው። አባቴ ትቶልን ያለፈው ማሳ ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በወግዲ መንገድ በኩል ይገኛል። እኔ በሌለሁባቸው ዓመታት እናቴ ለእኩል እየሰጠች ታሳርሰው ነበር። ስመለስ «ከእንግዲህ መሬቱን የምይዘው ራሴ ነኝ» አልኩ። ሰፈሩ ሳቀ። እጇ በሰው ቤት በረኪና የተላጠ ሴት ስለ እርሻ ምን ታውቃለች ነው ነገሩ። እኔ ደግሞ ሲስቁብኝ ጉልበት የሚጨምርልኝ ሰው ነኝ። በዚያ ዓመት ስንዴዬ እስከ ወገቤ ደረሰ፤ መንገደኛ ሁሉ ቆም ብሎ «ማሻአላህ፣ የማን ነው?» ይል ጀመር።

ድርጭቷን ያገኘኋት ስንዴው መድረሱን ለማየት ገብቼ ዘለላውን በመዳፌ እያሸሁ ሳለ ነው። መጀመሪያ የሰማሁት ድምፅ ነበር፤ አጭር፣ የተቆራረጠ፣ ከመሬት የሚወጣ። ሌላ ሰው ቢሆን ወፍ ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ። አረብ አገር የአሠሪዬ እናት በግቢያቸው ድርጭት ያረቡ ነበር፤ የሚመግባቸውም ጫጩቶቻቸውን የሚያሳድገውም ሌላ ማንም አልነበረም፣ እኔ ነኝ። ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ከአውራ ጣት አይበልጡም። በመጠጫቸው ውኃ ውስጥ ወድቀው ስለሚሞቱ ጠጠር ሞልቼ ነበር የማቀርብላቸው። አሮጊቷ «እጅሽ በረካ አለው» ይሉኝ ነበር። በዚያ ቤት ሠርቼ የተመሰገንኩት በዚያ ብቻ ነው።

እና ድምፁን ተከትዬ ቀስ ብዬ ሄድኩ። ስንዴውን ገለጥ ሳደርገው እናትየዋ እግሬ ሥር ተቀምጣለች። አልበረረችም። ዓይኗን ጨፈን ከፈት አድርጋ፣ ከነእንቁላሎቿ መሬት ላይ ተለጥፋ አየችኝ። ወደ ኋላዬ ተመለስኩና፣ ሌላ ቀን ሳላስበው እንዳልረግጣት ብዬ ከጎኗ እንጨት ተከልኩ፤ ከአሮጌ ሻሼ ቀይ ቁራጭ ቀድጄም ጫፉ ላይ አሰርኩበት። ለእናቴ ካልሆነ ለማንም አልተናገርኩም። እናቴ ሰምታ ስትጨርስ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ሲባል ነበር የማውቀው፤ አንቺ ደግሞ ወፍ ያዝሽ?» አለችኝ።

ያልተናገርኩት በምክንያት ነው። በእኛ ዘንድ ስንዴ በደቦ ሲታጨድ ዙሪያውን ነው። አጫጆቹ ማሳውን ከበው ከአራቱም ማዕዘን ይጀምሩና ወደ መሐል እየጠበቡ ይሄዳሉ። አዝመራው ውስጥ የተደበቀ ሁሉ፣ ጥንቸሉም አይጡም ድርጭቱም፣ ከማጭዱ እየሸሸ መሐል ላይ ይከማቻል። በመጨረሻ የቀረችው ቁራጭ ስትታጨድ ጎረምሶቹ ማጭዳቸውን ጥለው ይረባረባሉ፤ የያዘ የያዘውን ይወስዳል። እልልታ አለው፣ ጭፈራ አለው። እኔም በልጅነቴ ዳር ቆሜ እልል ብዬበታለሁ። አሁን ግን ያ መሐል የሚሆነው የእሷ ቤት ነው።

ጭንቀቴ የጀመረው በደቦው ዋዜማ ነው። ጠዋት ሄጄ ሳይ እንቁላሎቹ ተሰብረዋል፤ ከእናትየዋ ክንፍ ሥር ትንንሽ ጭንቅላቶች ብቅ ጥልቅ ይላሉ። ከደስታዬ ብዛት አፌን በእጄ ያዝኩ። ቀጥሎ ግን ቀኑን አሰብኩ። ነገ አጫጆች ሊመጡ ነው። ደቦ ደግሞ ተራ ነው፤ የእኔ ቀን ካለፈ ሌላው ይቀጥላል፣ ከዚያ አርብ አለ፣ ከዚያ የታቦቱ ቀን አለ። ዳቦው ተጋግሯል፣ ቅሪቦው ተጠምቋል። ከማሳው ማዶ ባለው ገደል በኩል ደግሞ ያለ ወቅቱ ጥቁር ዳመና ቆሟል። የደረሰ ስንዴ ዝናብ ከመታው አለቀለት።

በማግስቱ አጫጆቹ መጡ፤ እስላሙም ክርስቲያኑም፣ ከጎረምሳ እስከ ሽማግሌ። ከፊት የሚመሩት ጎረቤታችን ናቸው፤ የአባቴ ጓደኛ የነበሩ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ዘፈኑን የሚያወጡትም ሥራውን የሚያዝዙትም እሳቸው። እኔ አያ ነው የምላቸው። እንደ ልማዳቸው ማሳውን ዞር ዞር ብለው ሊያዩ ሄዱና ድንገት ቆሙ። ማጭዳቸውን ወደ ትከሻቸው አነሡ። ከኋላቸው ያለው ሁሉ ቆመ።

«ይኼ ምንድን ነው?» አሉ፣ ስንዴው መሐል ወደተተከለው ቀይ ጨርቅ እየጠቆሙ።

«ጨርቅ ነው፣ አያ።»

«ጨርቅነቱንማ ለማየት ዓይን አለኝ። ለምን ታሰረ ነው የምልሽ።»

እኔ መልስ ስፈልግ አንዱ ጎረምሳ ቀደመኝ። «አልነገርኳችሁም? ተደግሞበታል! ጠዋት ጠዋት ብቻዋን እየመጣች ስታንሾካሹክ አይቻታለሁ። ሌባ እንዳይገባባት ነው፤ የረገጠው እግሩ ይታሰራል።»

አንድ በአንድ ከስንዴው ጫፍ ወደ ኋላ አሉ። ትላልቆቹ ሰዎች ሳይቀሩ።

አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሳላውቀው ለድርጭቷ ከአጥር የሚሻል አጥር ሠርቼላት ነበር። ዝም ብል ኖሮ ማንም አይነካትም ነበር። ግን ስንዴዬንም ማንም አይነካውም ነበር። ደግሞ እኔና እናቴ ድግምተኞች ተብለን መቅረታችን ነው። ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ጠጉሬ ነደድኩ።

«ድርጭት ናት!» ብዬ ጮኽኩ። «ትናንት የፈለፈለች ድርጭት! ድግምት የምታውቁ ከሆነ ድገሙልኝና ልየው!»

ሳቁ። እኔን ያስፈራኝ ግን ከሳቁ በኋላ የመጣው ነው። የጎረምሶቹ ዓይን በራ። ያ ስለ ድግምት ያወራው ልጅ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ፣ «እሰይ! መሐሉ ላይ ስንረባረብ እቀርጻለሁ፣ ቲክቶክ ላይ ነው የምለቀው!» አለ። ሰዉን ከፍርሃት አውጥቼ እሷን ለአዳኝ ሰጠኋት ማለት ነው።

«ዛሬ መሐል የሚባል ነገር የለም» አልኩ። «ዙሪያውን አይታጨድም። ከላይ ከእርከኑ ትጀምራላችሁ፣ በአንድ ረድፍ ወደ ታች ወደ ቦዩ ትወርዳላችሁ። እኔ ከፊታችሁ እየሄድኩ አስወጣታለሁ። ቦዩ ዳር ያለው ስንዴ ደግሞ እኔ እስክል ድረስ አይነካም።»

አያ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ልጄ፣ አባትሽም እኔም ዙሪያውን ስናጭድ ነው የኖርነው። ሲከበብ ሁሉም በየፊናው ይሠራል፣ ቶሎ ያልቃል። በአንድ ረድፍ ሰው ሰውን ይጠብቃል። ዳመናውን አታይም?»

እውነታቸውን ነበር። እኔ የነበረኝ እልህ ብቻ ነው። «አያለሁ፣ አያ። ስንዴው ቢበሰብስ የሚበሰብሰው የእኔ ነው። ዙሪያውን ካልሆነ አላጭድም የሚል ካለ ግን ማጭዱን ይዞ ወደ ቤቱ ይሂድልኝ።»

የመጣ ደቦ ሂድ አይባልም። ሴት ልጅ ስትለው ደግሞ ማንም ሰምቶ አያውቅም። ዳቦ ተሸክማ በመንገዱ ላይ የምትመጣው እናቴ ባለችበት ቆመች። «ያረቢ፣ ያረቢ» ስትል እኔ ድረስ ይሰማል።

አያ ወደ እኔ ቀረብ አሉ። ከዚያ በለሆሳስ፣ «ጫጩቶቹ መብረር አይችሉም?» ብለው ጠየቁ።

«አይችሉም። መሸሽም አያውቁም። ሲፈሩ መሬት ላይ ይለጠፋሉ፤ ማጭዱ እላያቸው ላይ ሲደርስም ዝም ነው የሚሉት። እናትየዋም ትታቸው አትነሳም።»

«ትታቸው አትነሳም» አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገር ሰው። ወደ ጎረምሶቹ ዞሩ። «ሰማችሁ? ከላይ! አንተ፣ ያንን ስልክ ኪስህ ክተት።» ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ለድኻ ዘካ ሲወጣ አይቻለሁ፤ ለወፍ ሲወጣ ግን ዛሬ ገና አየሁ» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ግን ፈገግታ ነበር።

እንጨቱን ነቅዬ ከፊት ገባሁ። ጎንበስ ብዬ፣ እጄን ቀስ እያደረግሁ አጨበጨብኩ። ድርጭቷ ፈንጠር አለች፣ ቆመች፣ በዚያ በሚያባብል ድምፅዋ ተጣራች። በአገዳው መሐል ጫጩቶቹን ማየት አይቻልም፤ የማውቀው ድምፅዋ ወደ ታች ሲሄድ ብቻ ነው። እሷ ስትቆም እጄን አነሣለሁ፣ ከኋላዬ ያለው ረድፍ በሙሉ ይቆማል። ስትሄድ ይሄዳል። አንዳንዱ አጉረመረመ። አያ ግን ዘፈናቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው እያንጎራጎሩ አስከተሉት።

አስቸጋሪው ቦዩ አጠገብ መጣ። እዚያ ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት ስንዴው ሳይበቅል የቀረ ገላጣ መሬት አለ። ከገላጣው ማዶ ያስቀረሁት ስንዴ ቆሟል። እናትየዋ ጫፉ ላይ ደርሳ ቆመች። ቀና ስል ጭልፊት ከላያችን እየዞረ ነው። አጨዳ ባለበት እሱ አይቀርም፤ ገላጣ ላይ የወጣ ጫጩት ለእሱ ቆሎ ነው። ብጮህ ጫጩቶቹ መሬት ላይ ተለጥፈው ይቀራሉ። ዝም ብል ጭልፊቱ ይወርዳል። የዚያን ጊዜ እውነት ለመናገር የማደርገው ጠፍቶኝ ነበር።

አያ ነዶ አነሡና ራሳቸው ላይ አደረጉ። ሄደው ገላጣው ዳር ቆሙ። ለሌሎቹ በእጃቸው ጠቀሱ። አንዱ ነዶ አንሥቶ ተከተለ፣ ሌላው ቀጠለ፣ ያ ባለ ስልኩም። ግራና ቀኝ ተሰለፉና ነዷቸውን ወደ መሐል ዘንበል አድርገው ያዙት፤ ከሥራቸው ጠባብ ጥላ ተዘረጋ። ማንም አልሳቀም።

ድርጭቷ አንገቷን አወጣች። አየች። ከዚያ ሮጠች፣ ከኋላዋ እነዚያ አውራ ጣት የሚያህሉ ጫጩቶች እርስ በርስ እየተደናቀፉ። አንዱ በሰው የእግር ኮቴ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ ቀረ። ባለ ስልኩ ልጅ ነዶውን ሳያንቀሳቅስ በእግሩ ጣት አፈሩን ገፋ አደረገለት፤ ወጥቶ ሮጠ። ሁሉም ስንዴው ውስጥ ገቡ። ጭልፊቱ ትንሽ ዞሮ ወደ ገደሉ ሄደ። እንባዬ መጣ። አልደበቅሁትም፤ ለምን ብዬ እደብቃለሁ?

ዝናቡ የመጣው የመጨረሻውን ነዶ ስንከምር ነው፤ የክምሩን ጫፍ አራሰብኝ እንጂ ጉዳት አላደረሰም። ቦዩ ዳር የተውኩትን ስንዴ ግን ግማሹን ወፍ በላው፣ ግማሹ ረገፈ። እናቴ ክረምት እስኪገባ ድረስ እያነሣች ወቀሰችኝ። እኔ ማታ ማታ በዚያ በኩል ሳልፍ ድምፃቸውን እሰማ ነበር፤ መጀመሪያ ቀጭን፣ በኋላ እየጎረነነ። አንድ ቀን ከእግሬ ሥር ቱር ብለው ተነሡና በረሩ። ያሳደግኋቸው እኔ እስኪመስለኝ ደረቴ ተነፋ።

ከደቦዬ በኋላ የአያ ተራ ሲደርስ እኔም ማጭድ ይዤ ሄድኩ። ጎረምሶቹ እንደለመዱት ማሳቸውን ለመክበብ ተበተኑ።

«የት ነው የምትሄዱት?» አሉ አያ። «ከላይ ጀምሩ።»

«እርስዎም ድርጭት አለዎት እንዴ?» አለ ያ ባለ ስልኩ።

«እኔ ምን አውቃለሁ። እናት ማሳ ውስጥ ስትገባ ለእኔ ነግራ አትገባም» አሉት። ከዚያ በዚያ ሁሉ ወንድ መሐል በዓይናቸው ፈልገው አገኙኝ። «አንቺ፣ ማጭዱን ለሌላ ሰው ስጪና ከፊት ሂጂልን።»

ማጭዴን ሰጠሁ። ደቦው በሙሉ ከኋላዬ ቆሞ ሲጠብቀኝ፣ ወደ ስንዴው ገባሁ።