መርፌው ከዓይኗ በላይ ሲቆም

ይህ ነገር ያጋጠመኝ ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ፣ ሐዋሳ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ስንኖር ነው። ጊዜው ርቋል፤ እኔ ግን አልረሳሁትም። ምትክ የሌለው የሰው ዕቃ እኔ ቤት ውስጥ ሊበላሽ ለጥቂት ነው የተረፈው። ያተረፈው ደግሞ ከዚያ በፊት አይቼው የማላውቀው ሰው የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ነው።

በሙያዬ የቴክኒክ ድሮዊንግ አስተማሪ ነኝ። በትርፍ ጊዜዬ ግን ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ውስጥ በኮምፒዩተር የሚታዘዝ የእንጨት መቅረጫ ማሽን ገጣጥሜ ነበር። ሲኤንሲ ይሉታል። ብረቱን ለክቼ አጠገባችን ባለው ብየዳ ቤት አስበየድኩ፤ ሞተሮቹን የአንድ ባልደረባዬ ዘመድ ከውጭ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። አበባ፣ ስም፣ የበር ጌጥ እቀርጽበታለሁ። ባለቤቴ ኤፍሬም "ይቺ ክፍል ብትከራይ ይሻለን ነበር" እያለ ይቀልድብኛል።

አንድ ቀን አቶ ላሚሶ የሚባሉ ሽማግሌ በራችንን አንኳኩ። ይርጋለም አካባቢ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዳይሬክተር የነበሩ፣ ጡረታ ከወጡ በኋላ ሐዋሳ የገቡ ሰው ናቸው። በነጠላ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሕፃን ታቅፈዋል። ገልጠው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ከዋንዛ እንጨት የተቀረጸ የሴት ፊት ነው። ወጣት ናት፤ ሹሩባ ተሠርታለች፤ ልትስቅ ስትል የያዟት ትመስላለች።

"ባለቤቴ ዳንጊሴ ናት" አሉኝ። "ስንጋባ አንድ ጓደኛዬ ፊት ለፊቱ አስቀምጧት ቀረጻት። እሱም ሞቷል፣ እሷም ሞታለች። ፎቶ የላትም።"

ሴት ልጃቸው ምሕረት በነርስነት ጂንካ ተመድባ ልትሄድ ነው። ገና ሳትድህ ነው እናቷ የሞቱባት። የእናቷን ምስል ይዛ መሄድ ፈለገች፤ እሳቸው ደግሞ ከግድግዳቸው ላይ ለዘለቄታው ማውረድ አልሆነላቸውም። ስለ ማሽኔ ሰምተው የመጡት ትክክለኛ ቅጂ እንድሠራላቸው ነበር። ቅጂው ለልጅቷ፣ ዋናው ለእሳቸው።

"ይቻላል" አልኳቸው። ከአፌ ካወጣሁት በኋላ ነው ማሰብ የጀመርኩት።

አንድን ቅርጽ ለመቅዳት ማሽኑ መጀመሪያ መልኩን ማወቅ አለበት። የሚያውቀውም በመዳሰስ ነው። ፕሮብ የሚባል፣ ጫፉ ላይ ትንሽ ድቡልቡል ነገር ያለው መርፌ አለ። ማሽኑ መርፌውን ቀስ አድርጎ ያወርደዋል፤ እንጨቱን ሲነካ ምልክት ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩ ቦታውን ይይዝና መርፌው ተነስቶ ቀጥሎ ያለውን ነጥብ ይነካል። እንዲህ እያለ ፊቱን ሙሉ ይዳስሰዋል። ምልክቱን ተቀብሎ ለኮምፒዩተሩ የሚያደርሰው፣ ከኮምፒዩተሩም ትእዛዝ ወደ ሞተሮቹ የሚያሳልፈው መዳፍ የምታክል አረንጓዴ ካርድ ናት።

እኔ ፕሮብ አልነበረኝም። የነበረኝ ሽቦና መቆንጠጫ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚሠራው ብረት ከብረት ሲነካካ ብቻ ነው። እንጨት ላይ ዋጋ የለውም። በሌላ እንጨት ላይ የወጥ ቤት ፎይል አልብሼ ሞከርኩ። ፎይሉ ጉድጓዱን ሁሉ ደፈነውና የወጣው ቅርጽ ብርድ ልብስ የተከናነበ ሰው መሰለ።

ካርዴም ችግር ነበረባት። በፕሪንተር ገመድ ከኮምፒዩተሩ ጋር የምትገናኝ፣ እጅግ ቀላሏ ዓይነት ነበረች። አጠገባችን ያለው በያጅ ብየዳውን ሲጀምር ምንም ሳይነካ "ነካሁ" ትላለች። ለአበባ ቀረጻ ግድ የለም። የሰው ሚስት ፊት ላይ ግን እንዲህ ያለ ውሸት አልፈለግሁም።

አዲስ አበባ አንድ ነጋዴ ጋ ደወልኩ። ካርድ ሁለት ዓይነት አለው። አንደኛው ሁሉን በአንድ ላይ የያዘ፣ ሲያዩት የሚያምር ነው። ሁለተኛው ከውጭ የሚመጣው ምልክት በሽቦ ሳይሆን በውስጡ ባለች ትንሽ ብርሃን አማካይነት የሚሻገርበት ነው፤ ስለዚህ የብየዳው ረብሻ ወደ ኮምፒዩተሩ አይዘልቅም። እዚህ ላይ ብዙም አላመነታሁም፤ ሁለተኛውን መረጥኩ። ፕሮብም ሁለት ዓይነት ነበረው። አንዱ ሲነካ የኤሌክትሪክ መስመሩ የሚገናኝ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተገናኝቶ የሚቆይና ሲነካ የሚለያይ። ለሽቦ አሠራሩ ስለቀለለኝ የመጀመሪያውን ልገዛ ወሰንኩ።

በዚያው ሰሞን አንድ ደላላ ዮናስ የሚባል ሰው አስከትሎ መጣ። ለካ ኤፍሬም ስለ ሰርቪሷ የሚቀልደውን ቀልድ ደላላው ፊትም ተናግሮት ኖሯል! ዮናስ ሐይቅ ዳር በሚሠራ አንድ ሆቴል ውስጥ ሊፍት የሚገጥም ኢንጂነር ነበር፤ ለጥቂት ወር ክፍል ይፈልጋል። በሩን ከፍቶ ገባና ማሽኑን ሲያይ ክፍሉን ረሳው።

"ይሄ የማን ነው?"

"የኔ ነው። ክፍሉም አይከራይም" አልኩት።

ደላላው አኩርፎ ውጭ ቆመ። ዮናስ ግን ማሽኑን ዞሮ ዞሮ አየ። የአቶ ላሚሶን ነገር ነገርኩት፤ ስለ ካርዱ ምርጫዬ ነገርኩት፤ ልክ ነሽ አለኝ። ስለ ፕሮቡ ስነግረው ግን ጥያቄ አነሳ።

"እህቴ፣ መርፌው እየወረደ እያለ ሽቦው ቢበጠስ ማሽኑ በምን ያውቃል?"

"ለምን ይበጠሳል? አዲስ ሽቦ ነው።"

"እሺ አዲስ ነው። ግን ክንዱ ሲመላለስ ሽቦውም አብሮ ይታጠፋል፤ ይዘረጋል። ቢበጠስስ?"

አሰብኩት። ሲነካ ብቻ የሚገናኝ ፕሮብ ሽቦው ከተበጠሰ ቢነካም ምልክቱ አይደርስም። ማሽኑ ገና አልነካሁም ብሎ ወደ ታች መግፋቱን ይቀጥላል። ሁልጊዜ የተገናኘው ግን ሽቦው ሲበጠስ እንደተነካ ይቆጠራል፤ ማሽኑ ይቆማል። የሊፍት በርም እንዲሁ ነው የሚሠራው አለኝ፤ አንድ ሽቦ ከላላ ሊፍቱ ካለበት ንቅንቅ አይልም።

ትንሽ ተከራከርኩት። ሽቦውን በየጊዜው እፈትሻለሁ አልኩ። እሱም "እሱስ ጥሩ ነው" ብሎ ፈገግ አለ እንጂ አልገፋም። ከሄደ በኋላ ግን ነገሩ አላስቀምጥ አለኝ። በማግሥቱ ሆቴሉ ድረስ ሄጄ ሁልጊዜ ተገናኝቶ የሚቆየውን እንደምገዛ ነገርኩት። ለሥራ ወደ አዲስ አበባ ሊወጣ ስለነበር "እኔው አመጣልሻለሁ" አለኝ፤ የካርዱንና የፕሮቡን ገንዘብ ሰጠሁት። ኤፍሬም ሲሰማ "የአባቱን ስም እንኳ ለማታውቂው ሰው?" ብሎ ተገረመ። አመጣልኝ። ካርዱንም ፕሮቡንም በካልሲዎቹ መሃል ጠቅልሎ፣ አንድም ሳይጫር።

መጀመሪያ የዳሰስኩት የገላ ሳሙና ነው። የመርፌው ግፊት ሳሙና ላይ ምልክት ካልተወ ዋንዛ ላይ አይተውም ብዬ ነው። አልተወም። በያጁም ሲበይድ ዋለ፤ ካርዱ አንዴም አልዋሸም።

አቶ ላሚሶ ሳይገኙ እንዳልጀምር አስጠንቅቀውኝ ስለነበር ቅዳሜ ጠዋት ጠራኋቸው። ሳሙናውን ሲያዩ "እሷንም ልታጥቢያት ነው?" ብለው ሳቁ። ምስሉን ማሽኑ ላይ አጥብቄ ካሰርኩት በኋላ ቆባቸውን አውልቀው በሲዳምኛ ጸለዩ። ቃሉን አልተረዳሁትም፤ የዳንጊሴን ስም ግን ሰማሁ። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መርፌው ከአገጭ ጀመረ። ጠቅ ይላል፣ ይነሳል፣ ጠቅ ይላል። ስክሪኑ ላይ መስመር በመስመር ግራጫ ቅርጽ መታየት ጀመረ። ከንፈሯ ሲጠናቀቅ አቶ ላሚሶ ወንበራቸውን አስጠጉ።

"እሷ ናት" አሉ ቀስ ብለው።

አፍንጫዋ አለቀ። ጉንጮቿ አለቁ። መርፌው ወደ ዓይኗ ደረሰ። ከቅርጹ ሁሉ ስስ የሆነው ቦታ ይሄ ነው፤ ቀራጩ ሽፋሽፍቷን እንደ ወረቀት አሳስቶ ነው የሠራው።

እዚያ ላይ ማሽኑ ቀጥ አለ። መርፌው ከሽፋሽፍቷ በላይ ጥቂት ከፍ ብሎ ተንጠልጥሏል። አልነካም፤ ካርዱ ላይ ያለው የፕሮቡ መብራት ግን ነካሁ ይላል።

መጀመሪያ ተናደድኩ። በያጁ ነው ብዬ ጆሮዬን ጣልኩ፤ ጸጥ ብሏል። አስነሳሁት፤ እምቢ አለ። ሽቦውን ከክንዱ ጋር በሚታጠፍበት ቦታ በጣቶቼ ስነካካው መብራቱ በራ፣ ጠፋ፣ በራ። ላስቲኩ ደህና ነው፤ ውስጡ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል። ጠዋት ፈትሼው ነበር። ከላይ ሲያዩት ምንም አይልም።

እጄን ከሽቦው ላይ አነሳሁ።

"ምን ሆነ?" አሉኝ አቶ ላሚሶ።

መዋሸት ይቻል ነበር። ትንሽ ብልሽት ነው ማለት ይቻል ነበር። አልቻልኩም። ሽቦው መበጠሱን ነገርኳቸው። መጀመሪያ ልገዛው የነበረው ፕሮብ ቢሆን ኖሮ መርፌው ሳይቆም ዓይኗን ሰንጥቆ ይገባ እንደነበረም ነገርኳቸው።

ተነስተው ምስሉን እንድፈታላቸው በእጃቸው አሳዩኝ፤ ፈታሁት። ተቀብለው አውራ ጣታቸውን በዓይኗ ላይ አሳለፉ። ይዘው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ቢሄዱም አልፈርድባቸውም ነበር።

"አንቺ ብትሆኚ ትቀጥያለሽ?" አሉኝ።

"አባባ፣ ድንጋጤው ገና አልለቀቀኝም" አልኳቸው። "ግን ሲበጠስ እንደሚቆም አሁን በዓይኔ አይቻለሁ። ጠዋት ይህን አላየሁም ነበር።"

አሰብ አደረጉና ምስሉን መልሰው ሰጡኝ። "አዲስ ሽቦ አድርጊ።"

አደረግኩ፤ ይበልጥ የሚተጣጠፍ፣ ክሮቹ የደቀቁ ሽቦ መረጥኩ። ከመጀመሪያው ጀምረን እስኪያልቅ ዋልን። መብራትም ሳይሄድ ዋለ፤ ለዚያ ጊዜ ሐዋሳ ይሄም ራሱ ትልቅ ነገር ነበር።

ቅጂውን በሌላ ዋንዛ ላይ ቀረጽኩት። ፊቷ ወጣ፤ ፈገግታዋም ወጣ። ሹሩባዋ ላይ ግን አልተሳካልኝም። የመርፌው ጫፍ ከቀራጩ መሮ ወፍራም ስለሆነ በጉንጉኖቹ መሃል ያሉ ቀጫጭን መስመሮች ውስጥ አልገባም። ቅጂው ላይ ሹሩባው ለስልሶ፣ ግማሹ ጠፍቶ ወጣ።

አቶ ላሚሶ ሊወስዱ ሲመጡ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ይህንኑ አሳየኋቸው። ቀጭን መርፌ አፈላልጌ ልድገመው አልኳቸው። ሁለቱን ብዙ ጊዜ አዩ። ከዚያ ዋናውን በነጠላው ጠቀለሉና "ይሄን ለምሕረት" አሉኝ።

የተሳሳቱ መስሎኝ "አባባ፣ እሱ እኮ ዋናው ነው" አልኳቸው።

"አውቃለሁ ልጄ። እሷ እናቷን አላየቻትም፤ የምታውቀው እንጨቱ ያሳያትን ያህል ነው። ለእሷ ምንም ሊጎድልባት አይገባም።" ቅጂውን አነሱና ሹሩባውን በጣታቸው ዳሰሱት። "እኔ ግን የጎደለውን አውቀዋለሁ።"

ከዚያ በኋላ ልድገመው ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ዮናስን አመሰግነዋለሁ ብዬ ሆቴሉ ሄድኩ፤ ሥራውን ጨርሶ ከከተማው ወጥቷል፤ ስልኩም አይሠራም ነበር። እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። ይህ ይከነክነኛል።

ማሽኑን አሻሽዬዋለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የሠራኋቸው ብዙዎቹ ከዚያ ቅጂ የጠሩ ናቸው። ቢሆንም ከሥራዎችሽ የትኛውን ትወጃለሽ ብባል ሹሩባው ግማሽ የጠፋውን እላለሁ። ያን ቀን አቶ ላሚሶ ሁለቱን ምስሎች በሁለት ብብታቸው ይዘው ሲወጡ ባጃጅ ልጥራ ብላቸው እምቢ አሉኝ። በር ላይ ቆሜ እስኪታጠፉ ድረስ አየኋቸው። የተሰማኝ ደስታም አልነበረም፣ ሐዘንም አልነበረም። ክፍሌ ተመልሼ ማሽኑን አጸዳሁ፤ ያን ቀን ሌላ ሥራ አልጀመርኩም።