ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት አግዳሚ

ጎረቤቴ ላሙን አያስርም ነበር። ላሟ ደግሞ ከሰፈሩ ጎመን ሁሉ የኔን መርጣ ትወድ ነበር። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ የሁለታችንም ጓሮ ጎን ለጎን፣ በባሕር ዛፍ የታጠረ። ለገና እንግዳ ሲጎርፍ ሆቴሎቹ የጾም ጎመን የሚወስዱት ከኔ ነው። ዓመቱን የምለብሰውም የምበላውም ከዚያ ይወጣል።

በኅዳር አንድ ጧት ብነሳ ጎመኑ ተግጦ አገዳው ብቻ ቀርቷል። ላሟ መሀሉ ላይ ተኝታ ታመሰኳለች። አሰርኳትና ሽማግሌ ጠራሁ።

ሽማግሌዎቹ ሁለት ናቸው። በሰፈራችን ከብት የሰው አትክልት ሲበላ ጉዳቱን የሚገምቱት እነሱ ናቸው። መጥተው አጥሬን ዞሩት። የላይኛው አግዳሚ መሀሉ ላይ ረግቦ ወርዷል። እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡና ፈረዱ።

«ልጄ፣ ላም በወረደ አጥር ብትገባ ባለላሙ አይጠየቅም። ደንብ ነው።»

«ታዲያ ማን አወረደው?» አልኩ።

«እንጨት አይደል? እንደ ሰው ያረጃል» አለ ጎረቤቴ። በመካከላቸው ተቀምጦ ነበር። «አይዞሽ እታለም፣ ጎመን መልሶ ያቆጠቁጣል።»

እኔ የማየው እንጨቱን ነበር። ሦስቱ ሲቀመጡበት ሲጥ ብሎ ይወርዳል፤ ሲነሱ ጥቂት ይመለሳል እንጂ ቦታው አይደርስም። ከቅዳሴ መልስ እሑድ እሑድ ወሬ የሚሰልቁት እዚያ ላይ ነው። ጠላ የማቀርብላቸውም እኔው። ላሟን ፈትቼ ለጎረቤቴ ሰጠሁት። ገና ሲደርስ ሆቴሎቹ ጎመን ከሌላ ገዙ።

ከበዓሉ በኋላ አግዳሚውን አወረድኩት። በርጥቡ የተመታ፣ ልጣጩ እንኳ ያልተነሳ እንጨት ነበር። ያስተማረኝ የለም፤ እያገላበጥኩ ሳየው ገባኝ። የተላጠና የደረቀ ፈለግሁ። ፈጽሞ ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ስለማይገኝ ጉብጠቱን ወደ ላይ አድርጌ መታሁት፤ ሸክም ሲመጣበት ወደ ታች መጉበጡ ቀርቶ ይቃናል። መሀሉ ላይ አዲስ ቋሚ አቆምኩ። ምስጥ እንዳይበላው እግሩን በእሳት ለበለብኩ፤ ከጉድጓዱ ወለል ደግሞ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አነጠፍኩ፣ ክብደት ሲጫነው እንዳይሰምጥ። እያንዳንዱን ምስማር ስመታ የማን ራስ እየታየኝ እንደነበር አልናገርም። ሲያልቅ ላዩን እሾህ አሰርኩበት።

እሑድ መጡና ቆሙ።

«ልጄ፣ የት እንቀመጥ እንግዲህ?»

«እሾሁ ለላሟ ነው አባቴ። የአያ አጥር እዚህ አጠገብ አይደል? ጥላም አለው፤ ጠላውን እዚያ አመጣለሁ» አልኩ ወደ ጎረቤቴ አጥር እያመለከትኩ።

አመጣሁም። ቶሎ እንዳይነሱ ወፈር አድርጌ ጠምቄ፣ እሑድ አልፎኝ አያውቅም። «ይቺ ልጅ ቂም አታውቅም» ይሉ ነበር ሽማግሌዎቹ ዋንጫቸውን እያስሞሉ። ቂም ይዞ ጸሎት አይሆንም ይባላል፤ እኔ ዐቢይ ጾምን ሁለቱንም ይዤ ጾምኩት።

ከፋሲካ በፊት የጎረቤቴ አግዳሚ እንደ ላላ ገመድ ተንጠለጠለ። ከጀርባው በመስኖ ያበቀለው ባቄላ እሸት ይዟል። አንድ ጧት ፍየሌን ሳላስር ወጣሁ።

ስመለስ ፍየሏ ታስራለች፤ ሽማግሌዎቹም ተጠርተዋል። ጎረቤቴ የተበላውን ባቄላ እያሳየ ይጮሃል። አንደኛው ሽማግሌ አግዳሚውን አዩ፣ ሌላኛውን ሽማግሌ አዩ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ወርዷል» አሉ።

«ያወረዳችሁት እናንተ ናችኋ!»

«አብረኸን አልተቀመጥህም?»

ፍየሌን ይዤ ገባሁ። ሳቄን ቤቴ ውስጥ ጨረስኩት።

በሳምንቱ ጎረቤቴ አጥሬ ስር መጥቶ ቆመ። «እታለም፣ ያንቺስ እንዴት እንዲህ ቆመልሽ?»

«ደረቅ እንጨት ይፈልጉ አያ፤ ይላጡት። ጉብጠቱን ወደ ላይ ያድርጉ። መሀሉ ላይ እንዲህ ቋሚ ይትከሉ።» በእጄ እየነካሁ አሳየሁት። እየመረቀኝ ሄደ፤ ያልኩትንም አንድ ሳያጎድል ሠራ። ከአፈሩ በታች ስላለው ድንጋይ አልጠየቀኝም።

እሑድ አዲሱ አግዳሚ ላይ ሦስቱም ተደላድለው ተቀመጡ። እኔም ትልቁን ማሰሮ ይዤ ሄድኩ።