በጎን የተሠሩት አክስቴ

እኔ ከተፈጠርኩ ጀምሮ ሰው አላምንም። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ እንኳ ሁለት ሦስቴ ተመልሼ ገፋ አድርጌ ነው የምሄደው። ስለዚህ ያቺ ሥዕል ከሳሎናችን ግድግዳ ላይ ስትጠፋ ብዙ አላሰብኩም። ጓሮ ያለችው ተከራያችን ናት የወሰደችው አልኩ።

ሥዕል ስል በቀለም የተሣለች አይደለችም። ደብረ ማርቆስ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ከሥራ ስመለስ አሮጌ ካላንደር፣ የብስኩት ካርቶንና የደብተር ሽፋን እየቆረጥኩ፣ በኮላ እየለጠፍኩ የሰው መልክ እሠራለሁ። አሠራሩን የቀዳሁት ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ነው፤ ትልልቅ ዓይኖች፣ ወፍራም ጥቁር ቅንድብ፣ ከኋላ ቢጫና ቀይ። የጠፋችው ሥዕል አክስቴ ነበሩ። እናትም አባትም ሆነው ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ቀኝ ዓይናቸው በልጅነታቸው በበሽታ ጠፍቷል። እኔም የጠፋው ዓይን እንዳይታይባቸው ብዬ ፊታቸውን ወደ ጎን አዞርኩና በደህናው በኩል ሠራኋቸው። ስሰጣቸው ረጅም ጊዜ አዩዋትና «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። በሥራዬ ኮርቼ ስለነበር አለመሳቃቸውን ልብ አላልኩም።

ሥዕሏ ከመጥፋቷ በፊት ተከራይዋን ፊት ለፊቷ ቆማ አግኝቻት ነበር።

«ምነው አፈጠጥሽባት?» አልኳት።

«እማማን ቁርጥ እሳቸውን ትመስላለች ብዬ ነው» አለች።

መልሷ አልተዋጠልኝም። ሥዕሏ ከጠፋች ወዲህማ እቃ ይዛ በወጣች ቁጥር ዓይኔ ዘንቢሏ ውስጥ ነው። አንድ ቀን ዘንቢሉን በነጠላዋ ስትሸፍን አየሁና፣ በቃ ይቺው ናት አልኩ። አክስቴን ስጠይቃቸው «እኔ ምን አውቄ» ብለው ፊታቸውን አዞሩ። እሳቸውን መጠርጠር ግን ነውር መሰለኝ።

አንድ ቅዳሜ እሳቸው ገበያ ሄደው ሳለ ዝናብ ጣለ። ጥላ ይዤ ልቀበላቸው ብዬ ከሳጥናቸው ኋላ ስፈልግ ሥዕሏን አገኘኋት። በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልላለች። ስገልጣት ጉንጯ ላይ ሌላ ዓይን ተለጥፏል። ከብስኩት ካርቶን ላይ ካለች ሕፃን ፊት የተቆረጠ፣ በሊጥ የተጣበቀ፣ የተንጋደደ ዓይን።

ቀና ስል አክስቴ ዝናብ መትቷቸው በሩ ላይ ቆመዋል።

«እቴቴ፣ ምን አድርገዋት ነው?»

«አንተ ልጅ፣ ቤተ ስኪያን ስትገባ በአንድ ዓይን ተሥሎ የምታየው ማንን ነው?»

ጻድቃን ሁለቱም ዓይናቸው እየታየ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ነው። ይህን አሠራር ስንት ዓመት ስቀዳ የኖርኩት እኔው ነኝ።

«እዚያ አገራችን ይጁቤ እያለሁ ይቺን ዓይኔን እያዩ ቡዳ ናት ይሉኝ ነበር» አሉ። «ሳልፍ ልጆቻቸውን ይሸፍኑብኛል። ያንን ሸሽቼ ነው አንተን አዝዬ እዚህ የመጣሁት። ሥዕሉን ሳየው፣ ወሬው እዚህም ደርሶ ልጄ ሰምቶ ይሆን አልኩ። ሰምቶስ አምኖ ይሆን?»

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ተከራይዋን ስጠረጥር፣ ያዘሉኝ ሴት እኔን ሲጠረጥሩ ከርመዋል።

«አልሰማሁም፣ እቴቴ። በሞትኩት! ዓይንዎን ልሸፍንልዎ ብዬ ነው። አሁን እንዴት ላድርግልዎ?»

እርጥብ ነጠላቸውን ሳያወልቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«ፊት ለፊት ሥራኝ። የጠፋውንም እንደጠፋ አድርገው፤ ብቻ ወደ ሰው አዙረኝ» አሉ።